ያቀናሁት ቦይ

በእኛ ቤት ክረምት የሚገባው በሰኔ አይደለም፤ ባለቤቴ አስቴር ከማስተማሪያ ደብተሯ አንድ ሉክ ቀድዳ ቡፌው ላይ የለጠፈች ዕለት ነው። እሷ የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ እኔ ቢሮ ነው የምሠራው። ጠዋት ሁላችንም እየሮጥን እንወጣለን፣ ማታ ሁላችንም እየተጎተትን እንገባለን፤ በመካከሉ ቤቱ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ቤቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ማስታወሻ ያስፈልጋል። የዘንድሮው፣ ግንቦት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የተለጠፈው፣ አራት መስመር ነበር፦ የጣሪያውን ሚስማር አስመታ፤ አሸንዳውን አስጠርግ፤ ቦዩን አስቆፍር፤ ፍራሾቹን ለፀሐይ አውጣ።

አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ ወረቀት ስድብ ነው። ልብ በሉ፤ «ምታ» አላለችም፣ «አስመታ» ነው ያለችው። «ጥረግ» አላለችም፣ «አስጠርግ» ነው። «አስ» የምትለው ነገር ሁለት ፊደል ብቻ ብትሆንም፣ ትርጉሟ «አንተ አትንካ፣ የሚችል ሰው ፈልግ» ነው። ከአራቱ ሥራ ለእኔ በቀጥታ የተተወው ፍራሽ ማውጣት ብቻ ነው። ፍራሽ ማውጣት ደግሞ ፍራሹ ከረዳ በግም ይችለዋል።

አስቴር ሐሙስ ጠዋት ለአራት ቀን ሥልጠና ወደ ጎባ ሄደች። አምስት ዓመት የሞላትን ልጃችንንም ይዛት ሄደች፤ እናቷ ጎባ ናቸውና እዚያው ሊያድሩ። መኪናው ገና ከሮቤ ሳይወጣ እስክሪብቶ አነሣሁና ሦስቱን «አስ» አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። ከቢሮም ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ «ሠራተኛ» እያለ ሲጣራ ከሚኖር፣ አንድ ጊዜ አካፋ ቢጨብጥ ምን አለበት?

የመጀመሪያው ሥራ ጣሪያው ነበር። መሰላል የተዋስኩት ከጎረቤታችን ከኦቦ ከድር ነው። ኦቦ ከድር ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ፣ የእህል ንግዱን ለልጆቻቸው አስረክበው በከዘራቸው ሰፈሩን የሚቆጣጠሩ ሽማግሌ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት አጥር ተጋርተናል። መሰላሉን ሲሰጡኝ ለእኔ ሳይሆን ለመሰላሉ ያዘኑ በሚመስል ዓይን አዩት።

ጣሪያው ላይ አንድ የላላ ሚስማር ነበር። እኔ ስጨርስ አራት ሆኑ። ይህን እንደ ጥፋት የሚያየው ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን እንደ ምርመራ ነው የማየው፤ ሦስቱ ከመጀመሪያውም ለመላላት የተዘጋጁ ነበሩ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ክብ ክብ አድርጌ ቆርጬ ከየሚስማሩ ሥር ወተፍኩና ወረድኩ። ከአሸንዳው ደግሞ አንድ ጎጆ የሚያለብስ ቅጠል፣ የወፍ ቤትና አንድ የግራ እግር ጫማ አወጣሁ። ጫማው የእኔ ነው። አምና በድመት ላይ ወርውሬው ረስቼ፣ የሰፈሩን ውሻ ሌባ ብዬ ስም ያጠፋሁበት ጫማ ነው። ውሻውን በመንገድ ሳገኘው አሁንም ዓይኑን ማየት ያቅተኛል።

በዚያው ቀን አስቴር ደወለች።

«ለጣሪያው ሰው አገኘህ?»

«አስተማማኝ ሰው አግኝቻለሁ።»

«ማንን?»

«የምታውቂው ሰው ነው።»

ዋሽቷል የሚለኝ ካለ ይምጣ።

ዓርብ ፍራሾቹን ላወጣ አልጋውን ሳንቀሳቅስ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ሻግቶ አየሁት። ሻጋታ አይቶ የሚያልፍ አባወራ አባወራ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ቢሆንም፣ በራሴ ፈቃድ አምስተኛ ሥራ ጨመርኩ፤ ቀለም። የመኝታ ቤቱን ብቀባ ሳሎኑ ይቀየማል፤ ስለዚህ ሁለቱንም። ሶፋውን፣ ቡፌውን፣ አልጋውን፣ ጠረጴዛውን አንድ በአንድ ጎትቼ ግቢ አወጣሁና በላስቲክ ሸፈንኳቸው። የግድግዳዋን የማርያም ሥዕል ቀለም እንዳይነካት በነጠላ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስገባኋት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለተኛውን እጅ ቀብቼ ስጨርስ ቤታችን ባዶ፣ ሰፊና ሰማያዊ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ብዙ ጊዜ አየሁት። ይህ ሁሉ ችሎታ በውስጤ ተኝቶ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ሳገላብጥ መኖሬ አሳዘነኝ።

በዚያ ጊዜ በአጥሩ ማዶ ድንኳን እየተተከለ ነበር። የኦቦ ከድር የመጨረሻ ልጅ ነኢማ እሁድ ልትዳር ነው፤ ሙሽራው ከጊኒር ነው የሚመጣው። እኔም ተጠርቻለሁ። ቤታቸው በሴቶችና በምግብ ዝግጅት ስለሚሞላ ኒካሁ፣ የጋብቻው ቃል ማሰሪያ፣ ድንኳኑ ውስጥ ነው የሚደረገው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቦዩ ዞርኩ። አሁን አንባቢዬ ይህን ቦይ በደንብ ሊረዳልኝ ይገባል፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ከቤታችን ጀርባ ከተረተሩ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል አሮጌ ቦይ አለ። ከተረተሩ ይነሣና በባሕር ዛፎቹ ሥር ዞሮ፣ እንደገና ተጠማዝዞ፣ ደክሞት መንገዱ ዳር ካለው ፍሳሽ ይገባል። ማን እንደቆፈረው አላውቅም፤ ከጠጅ ቤት ሲመለስ የቆፈረው ይመስላል። እኔ በዓይኔ ለካሁት። በግቢው ጥግ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ርቀቱ በግማሽ ያጥራል። ስለዚህ መጥረግ ትቼ ማቅናት ጀመርኩ።

ከአዲሱ የማወጣውን አፈር በአሮጌው ውስጥ ደፋሁት። ንጽሕና ማለት ይሄ ነው፤ ከአንዱ ጉድጓድ አውጥቶ ሌላውን መሙላት። ግማሽ ያህሉን እንደሄድኩ ኦቦ ከድር ከዘራቸውን ይዘው አጥሩ ጋ መጡ።

«አካም ኦልተ፣ ልጄ።»

«ደህና ውለዋል፣ ኦቦ። ሰርጉ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። ይህ ቦይ ድሮ በዚያ ነበር የሚዞረው።»

«አዎ፣ ጠመዝማዛ ነበር። አቀናሁት። ውሃ ቀጥ ያለ መንገድ ነው የሚወደው።»

«ውሃ ነው የነገረህ?»

«ሳይንስ ነው፣ ኦቦ።»

ቦዩን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና «ጋሪዳ» ብለው ሄዱ። ጋሪዳ ማለት ጥሩ ነው ማለት ነው። እኔ እንደ ምስክር ወረቀት ነው የወሰድኩት። ኦሮምኛ የሚችል ሰው ግን ጋሪዳ በስንት ዓይነት ድምፅ እንደሚባል ያውቃል፤ እኔም እችላለሁ፣ የዚያን ዕለት ብቻ ረሳሁት።

የግቢው ጥግ ስደርስ ድንጋይ ገጠመኝ። ድንጋይ ስል ጠጠር አይምሰላችሁ፤ ዲጅኖው ሲያርፍበት ጥርሴ ድረስ የተሰማኝ አለት ነው። እጄም ውሃ ቋጥሯል፤ ጨለማውም እየመጣ ነው። «የቀረውን ሰኞ እጨርሰዋለሁ» ብዬ አካፋውን አነሣሁ። የቀለሙን ባልዲና የብሩሽ እጣቢውንም እዚያው ቦዩ ውስጥ ትቼ ገባሁ። በሌላ አነጋገር፣ ከተረተሩ የሚመጣውን ውሃ በሙሉ ተቀብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ እየፈጠነ፣ ከኦቦ ከድር አጥር አንድ ክንድ ሲቀረው የሚያቆም ቦይ ነበር የሠራሁት። ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ አላየሁትም። ያን ጊዜ ያየሁት የቀጥታ መስመሩን ውበት ነው።

እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እውነተኛው የእኔ ሥራ፣ ያ አራተኛው፣ ገና አልተሠራም ነበርና ላስቲኩን ሁሉ ገፍፌ ፍራሾቹን ከሶፋው ጋር ለፀሐይ ዘረጋኋቸው። ከዚያ ሱፌን ለብሼ ሰርግ ሄድኩ።

የጊኒር ሰዎች በሦስት መኪና መጡ። ምንጣፉ ላይ ወንዶች ተደርድረን ተቀመጥን፤ ጫማችን ሁሉ በድንኳኑ ዳር ተሰልፏል። ሙሽራው ነጭ በነጭ ለብሶ ከሼሁ ፊት ተቀምጧል። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ሊጀምሩ ሲሉ ከተራራው በኩል አንድ ድምፅ መጣ። የባሌ ደጋ ዝናብ አያንኳኳም፤ በሩን ይዞ ነው የሚገባው። ድንኳኑ ግን አዲስ ነበር፣ ከላይ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ሼሁም ፈገግ ብለው «ራሕመት ነው፣ በረካ ነው» አሉ። ሁላችንም አሚን አልን።

በረካው ከታች መጣ።

መጀመሪያ ምንጣፉ ከሥር ትንፋሽ እንደሳበ ሁሉ ከፍ አለ። ቀጥሎ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ቀስ ብሎ እግሩን ሰበሰበ። ከዚያ የጫማው ሰልፍ ተነሥቶ ሄደ። ከሰማንያ የማያንስ ጫማ ከነጥንዱ እየተንሳፈፈ በአለቃ እንደሚመራ ጭፍራ ወደ በሩ ተጓዘ፤ ከፊት የሚመራው የሼሁ ጫማ ነበር። ውሃው ደግሞ ሰማያዊ ነው። አንድ የጊኒር ሽማግሌ ጣታቸውን ነክረው አዩና ጎናቸው ያለውን ሰው «ሮቤ ዝናቡም ሰማያዊ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው የሮቤ ልጅ ነውና ለከተማው ክብር ሲል «ከሰማይ የመጣ ምን ይሁን ታዲያ?» አላቸው።

እኔ አልሳቅሁም። ያንን ሰማያዊ አውቀዋለሁ። ሁለት እጅ የቀባሁት ነው።

ሰው ጥፋቱን ሲያይ ወይ ይሸሻል ወይ ይናዘዛል። እኔ ሦስተኛ መንገድ አገኘሁ፤ አዛዥ ሆንኩ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ተነሣሁና «ወደ እኔ ቤት፤ ሁላችሁም ወደ እኔ ቤት» አልኩ። አጥሩ ጋ ሄጄ ሁለት ጣውላ ነቀልኩ። ወጣቶቹ ምንጣፍ ተሸከሙ፣ ሽማግሌዎቹ ተደጋግፈው አለፉ፣ የሰርጉ ምግብ ከነድስቱ ተከተለ። ኦቦ ከድር ከኋላ ሆነው ጫማ በከዘራቸው እየጎተቱ ያወጡ ነበር።

ሳሎኔ ተቀበላቸው። ወንበር የለ፣ ቡፌ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ንጹሕ ባዶ አዳራሽ። ምንጣፉ ውሃው ተራግፎ ደረቁ ወደ ላይ ሆኖ ተነጠፈ፣ ሰው ሁሉ ተደርድሮ ተቀመጠ፣ ለሼሁም ቦታ ተረፈ። ሙሽራው ግድግዳ ተደግፎ ስለነበር ሲነሣ ጀርባው ሰማያዊ ሆነ፤ ሚዜዎቹ አዩ፣ ዝም አሉ። ኒካሁ ታሰረ። አባትየው ልጃቸውን ሲሰጡ ድምፃቸው ተቆራረጠ።

ከዚያ ሼሁ «የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው?» አሉ። ወደ ፊት ገፉኝ። እነዚያ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ያዩት የጊኒር ሽማግሌ ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ ብዙ አገር ዞሬአለሁ» አሉ። «ለጎረቤቱ ልጅ ሰርግ፣ ምናልባት ዝናብ ቢመጣ ብሎ፣ የቤቱን ዕቃ በሙሉ ውጭ አውጥቶ፣ ግድግዳውን አዲስ ቀለም ቀብቶ የጠበቀ ክርስቲያን ግን ዛሬ ገና አየሁ። ሶፋው ዝናብ ላይ ነው፣ አይታችኋል? ለእኛ ብሎ ነው።»

ሰማንያ ሰው «ማሻአላህ» አለ። ከዚያ ምርቃቱ ወረደ። ቤትህ ይስፋ፣ ልጅህ ትደግ፣ እጅህ የነካው ይባረክ። እያንዳንዱን በአሚን ተቀበልኩ። እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምርቃቶች ደስ ብለውኛል። «እጅህ የነካው» ላይ ግን እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ምሳ እየቀረበ እኔ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዤ ወደ በረንዳው ስወጣ፣ አስቴር ልጃችንን አዝላ በግቢው በር ስትገባ አየኋት። አካባቢውን በእሷ ዓይን ለማየት ሞክሩ። ሶፋውና አልጋው ዝናብ ላይ ወጥተዋል። በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል። ቤቱ በወንዶች ተሞልቶ አንድ ሽማግሌ ዕንባውን ያብሳል። በአገራችን የቤት ዕቃ ወጥቶ ቤት በሰው ከሞላ ትርጉሙ አንድ ነው። ባሏ ደግሞ ላላ ካለ ጣሪያ ጋር ሐሙስ ብቻውን የቀረ ሰው ነው።

ቦርሳዋን ጭቃው ላይ ጣለችው። አፏን ይዛ ልትንበረከክ ስትል ወደ እሷ ሮጥኩ።

አየችኝ። ማስታጠቢያውን አየች። የተጠቀለለ ሱሪዬን አየች።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም። የነኢማ ሰርግ ነው።»

«እኛ ቤት?»

«እኛ ቤት።»

እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች፤ ልቤ ይመታ እንደሆነ የምታረጋግጥ ይመስለኛል። ከዚያ በዚያው እጇ ገፋ አደረገችኝ። «አስጠርግ አልነበር እንዴ ያልኩህ?» አለች፣ ዕንባዋን እየጠረገች።

በረንዳው ጥግ ላይ ሆኜ ሁሉንም ነገርኳት። ጣሪያውን፣ ቀለሙን፣ ቦዩን። ስለ ፍራሾቹ አልተናገርኩም፤ ፊት ለፊቷ ተዘርግተው ውሃ እየጠጡ ነበር። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ክፍል ውስጥ የተሳሳተ መልስ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ተማሪን እስኪጨርስ የምታይበት ዓይን አላት።

«ለኦቦ ከድር ነግረሃቸዋል?» አለችኝ።

«አልነገርኩም።»

«ለምን?»

«እየመረቁኝ ነበር።»

«እና ዝም ብለህ አሚን ትላለህ?»

«ሌላ ምን ይባላል?»

«ሂድ ንገራቸው። ሙሽሪት ሳትሸኝ። የልጃቸውን ሰርግ ነው ያጥለቀለቅኸው፣ ነገ ከሰው አፍ ሊሰሙት አይገባም።» ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ልጃችንን ለአዴ ፋጡማ፣ ለኦቦ ከድር ባለቤት ልታስይዛት በተነቀለው አጥር በኩል ሄደች።

ይህ መንገድ በሕይወቴ ከሄድኳቸው መንገዶች ሁሉ የረዘመው ነው፤ አሥራ አምስት እርምጃ ነበር። ዝናቡ አባርቷል። ኦቦ ከድር ብቻቸውን ባዶው ድንኳን ውስጥ ቆመው፣ ከዘራቸውን ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ተክለዋል። አሥራ አንድ ዓመት ከእኚህ ሰው ጋር ኖሬ ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ልጄ የታመመች ጊዜ መኪና ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይህን ሁሉ ላጣ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ኦቦ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው» አልኩ።

«ተናገር።»

«ውሃው የእኔ ነው። የመጣው በቦዬ ነው። ድንጋይ ገጠመኝና እዚህ አጥርዎ ጋ አቆምኩት፤ አሮጌውንም ደፍኜዋለሁ። ሰዎቹ የመረቁኝም በስሕተት ነው። ዕቃውን ያወጣሁት ለእናንተ ብዬ አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ።»

ከዘራቸውን ከውሃው አወጡ፣ ጫፉን አዩት፣ ሰማያዊ ነው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«መቼ አወቁ?»

«ትናንት። ቆመህ ሳይንስ ስትነግረኝ።»

«ታዲያ ለምን አቁም አላሉኝም?»

«ብልህ ታቆም ነበር?»

አሰብኩ። እውነቱን መናገር ስለጀመርኩ መቀጠል ነበረብኝ። «አላቆምም ነበር።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። ና።» እጄን ይዘው ወደ ጓዳቸው መስኮት ወሰዱኝ። የስንዴው ጆንያ በሙሉ በጣውላ ርብራብ ላይ ከፍ ብሎ ተደርድሯል። የነኢማ ሣጥኖች ከመሬት ተነሥተው አልጋ ላይ ናቸው። ምድጃው ከነማገዶው ወደ ከፍታው ተዛውሯል። አንድም ነገር አልረጠበም።

«ትናንት ማታ ነው ሁሉንም ያስነሣሁት» አሉ። «ድንኳኑንም ላስነሣ ነበር። ፋጡማ ናት ‹ዝናቡ ከማክሰኞ በፊት አይመጣም› ያለችኝ። እሷን ሰምቼ ነው የተሳሳትኩት፤ ይህን ግን ለእሷ እንዳትነግራት።»

ይቅርታ ልደግም አፌን ስከፍት ከዘራቸውን ቀስ አድርገው ጉልበቴ ላይ ነካ አደረጉ።

«ነገ ጠዋት አሮጌውን ቦይ አብረን እንከፍተዋለን። እኔ አሳይሃለሁ፣ አንተ ታወጣለህ፤ እኔ ያላልኩህን አታወጣም። አባቴ ነው የቆፈረው፤ የተጠማዘዘው ድንጋዩን ሸሽቶ ነው።»

«እሺ፣ ኦቦ።»

«ስለ ምርቃቱ ደግሞ አትጨነቅ። የተመረቀ ምርቃት አይመለስም።»

ከቤቱ ውስጥ የሴቶቹ እልልታ ተነሣ፤ ሙሽሪት ልትወጣ ነው። ኦቦ ከድር ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዓይናቸውን በጫፉ ጠረግ አደረጉ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰው ሁሉ ለክረምት ይዘጋጃል፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ አሥራ አንድ ዓመት ላንተም ስዘጋጅ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ ክንዴን ይዘው ሙሽሪትን ከሚሸኙት ቤተሰቦች መሐል አስገቡኝ።